ስምንተኛው ፕሮፎርማ

በልክ ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከመስኮቱ በስተቀኝ፣ ሰባት ፕሮፎርማዎች በሰባት ሚስማር ተሰቅለው ነበር። ሰባቱም የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚናገሩ ናቸው። ዕቃው ኮምፒውተር ነው፤ ደብዳቤ የሚጻፍበት ዓይነት ሳይሆን፣ የልብስ ክፍሎች በጨርቅ ላይ እንዴት ቢደረደሩ ጨርቅ እንደማይባክን አስልቶ፣ አልጋ በሚያህል ወረቀት ላይ አትሞ የሚያወጣ።

ይህን ሥራ በስፌት ፋብሪካው ውስጥ የሚሠሩት ሦስት ሴቶች ነበሩ። ጨርቅ ወደ መቀስ ከመሄዱ በፊት በእነርሱ እጅ ያልፋል። ከካርቶን የተቆረጡትን የጀርባ፣ የደረት፣ የእጅጌና የኮሌታ ቅርጾች በጨርቁ ላይ ይደረድራሉ፤ ያዞራሉ፤ ይገለብጣሉ፤ አንዱን በሌላው ጉያ ያስገባሉ። ሲረኩ በደረቅ ሳሙና ስባሪ ዙሪያውን ያሰምሩታል። አንድ ጣት ጨርቅ ማትረፍ ለአንድ ሸሚዝ ምንም አይደለም። ለአራት ሺህ ሸሚዝ ሲሆን ግን ስንት ጣቃ ይወጣዋል።

የሚሠሩበት ረጅም ጠረጴዛ ሁለት ገበታ ተጋጥሞ የተሠራ ነው። መጋጠሚያው ከጊዜ ብዛት ተከፍቶ፣ ከጫፉ አራተኛው ክንድ ላይ ከዳር እስከ ዳር ስንጥቅ ሆኗል። እዚያ ላይ ሳሙናው ይሰበራል፤ መቀሱም ጨርቁን ይነክሰዋል። አናጺ ይጠራ ተብሎ በየዓመቱ ይወራና ይረሳል። ሦስቱ ሴቶች አራተኛው ክንድ ላይ ሲደርሱ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ትተው ያልፋሉ፤ ሰው የገዛ ቤቱን የተሰበረ ደረጃ በጨለማም ቢሆን ዘሎ እንደሚያልፈው። ማንም ለማንም አይናገርም፤ ማንም ስለ ነገሩ አያስብም።

የሦስቱ አለቃ ልኬ ትባላለች። ሰው ገና በር ላይ ሳለ የትከሻውን ስፋት በዓይኗ ለክታ ስለምትናገር የወጣላት ነው። ትክክለኛ ስሟ የሚነበበው የደሞዝ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። በዕድሜ የሚበልጧት እማማ መነጽር ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው። ሦስተኛዋ ሳቂታ ናት። ቀልዱን ሳትጨርስ ራሷ ቀድማ የምትስቅ፣ የሁለት ልጆች እናት።

ፕሮፎርማዎቹን በየዓመቱ የምታመጣው ደግሞ የልኬ ታናሽ እህት፣ ሚጣ ነበረች። እናታቸው ስትሞት ሚጣ ሰባት ዓመቷ ነበር። ልኬ በዚያች በሳሙና ስባሪ ደሞዝ አሳደገቻት፤ አስተማረቻት፤ ኮሌጅ አስገባቻት። በተመረቀችም ጊዜ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ ሦስት ቀን ተመላልሳ ግዢ ክፍል አስቀጠረቻት። ሚጣ በልክ ክፍሉ ስታልፍ እማማ መነጽር «የኛ ልጅ» ይሏት ነበር። የሦስቱም ልጅ ነበረች ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያውን ወረቀት ያመጣች ቀን ከኮሪደሩ ጀምራ እየሳቀች ነው የገባችው።

«እትዬ፣ ተገላገላችሁ! የሦስታችሁ የዘጠኝ ዓመት ደሞዝ! ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን አይቶ ውሃ ጠጣ።»

ሳቂታ ወረቀቱን ከእጇ ነጥቃ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ዕቃው የሚቀዘቅዝ ክፍል ይፈልጋል፤ መብራት የሚያስተካክል መሣሪያ ይፈልጋል፤ አቧራ የሌለው ወለል ይፈልጋል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ባለሙያ እየመጣ እንዲያየው ይፈልጋል።

«ውይ እኚህ እመቤት!» አለች። «እኔ ሁለት ልጅ ስወልድ እንኳ ይሄን ሁሉ አልጠየቅሁም።»

ሚስማር ፈልጋ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ «እመቤት» ተባሉ፤ በአንቱታ። በየዓመቱ በጀት ሲዘጋ ሚጣ አዲስ ፕሮፎርማ ይዛ ትመጣለች፤ ሳቂታ ሚስማር ትመታለች፤ ልኬም በየዓመቱ ያንኑ ትጠይቃለች።

«እመቤት ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮም ተወደዱ!»

«በዚያው ይቅሩልን!»

እንዲህ እያሉ ሰባት ዓመት አለፈ። ቁጥሩ ግን በየዓመቱ አንድ ዓይነት አልነበረም። ዘጠኝ የነበረው ስድስት ተኩል ሆነ፤ አራት ሆነ፤ ሦስት ሆነ። የሚቀዘቅዘው ክፍል ከአራተኛው ወረቀት ላይ ጠፋ። መብራት አስተካካዩ ከአምስተኛው ላይ የለም። ስድስተኛው «ማንኛውም ተራ ኮምፒውተር ይበቃል» ይላል። በሰባተኛው ጊዜ የሦስቱ የሁለት ዓመት ደሞዝ ሆኖ መጣ።

«እመቤት ቀሚሳቸውን እያሳጠሩ ነው» አለች ሳቂታ ያን ጊዜ፣ ሚስማሩን እየመታች።

እማማ መነጽር አልሳቁም። መነጽራቸውን አድርገው ከአንደኛው ወረቀት እስከ ሰባተኛው በዝምታ ሄዱ። ከዚያ ወደ ካርቶናቸው ተመለሱ።

ልኬ ግን አልፈራችም። ሞኝ ስለሆነች አይደለም። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት የሚነግራት ነገር ነበረው፤ ወረቀቱን የምታመጣው ደግሞ እህቷ ናት። አንድ ቀን ቁጥሩ መጥፎ ቢሆን እንኳ፣ ከማንም ቀድማ ከሚጣ አፍ እንደምትሰማው ታውቃለች። ለመዘጋጀት ጊዜ ይኖራታል። ሌላ ፋብሪካ ትጠይቃለች፤ ለእማማ መነጽር ጡረታ ሥራ አስኪያጁን ታነጋግራለች፤ ሳቂታን ወደ ስፌት ክፍል ታዛውራለች። ይህን ሁሉ በልቧ አስባ ጨርሳ ነበር። የሚያስፈልጋት የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነበር።

በስምንተኛው ዓመት በጀት ተዘጋ፤ ወረቀት አልመጣም። ሳቂታ ቀድማ የመታችው ስምንተኛ ሚስማር ባዶውን ቀረ።

«እመቤት ዘንድሮ የት ቀሩ?» አለች ልኬ አንድ ማታ፣ እራት ሲያነሱ።

ሚጣ ሸሚዟን እየተኮሰች ነበር። ቀና አላለችም።

«ዘንድሮ አልተጠየቀም እትዬ። ገበያው ቀዝቅዟል። ማን ዕቃ ይገዛል?»

«እሰይ!» አለች ልኬ። ሰሐኖቹን እያጠበች አንጎራጎረች።

በሚቀጥለው እሁድ ሚጣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው አዲስ ደብተር ይዛ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት፤ ጠረጴዛውም አንድ ነው። የሚበሉበትም፣ ሚጣ ልጅ ሆና ያጠናችበትም እሱ ነው።

«እትዬ፣ ሥራሽን ልጻፈው።»

«የምን ሥራ?»

«አደራደሩን። ሁሉንም በጭንቅላትሽ ይዘሽው ነገ ብትታመሚስ? ሥራ አስኪያጁ ሥልጠና ሊጀምር ያስባል። አዲስ የሚቀጠሩትን የምታሠለጥኚው አንቺ ነሽ። መጽሐፍ ነገር ሊኖርሽ ይገባል።»

«መጽሐፍ! ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሴትዮ?»

«አንቺ ተናገሪ፤ እኔ እጽፋለሁ። ስንት ዓመት አስጠናሽኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ልጻፍልሽ እንጂ።»

የልኬ አንጀት ቅቤ ጠጣ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሥራዋ ይጻፋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እጇን ታጥባ መጣች፤ ለምን እንደታጠበች ለራሷም አልገባትም።

አምስት እሁድ ተቀመጡ። ሚጣ የቢሮ ሰው ናት፤ በየገጹ ራስጌ ቀኑን ትጽፋለች፤ እያንዳንዱን ደንብ ቁጥር ትሰጠዋለች። ልኬ ከአሮጌ ጋዜጣ ጣት የሚያካክሉ እጅጌዎችና ደረቶች እየቆረጠች ጠረጴዛው ላይ ታሳያታለች።

«ኮሌታ ለብቻው ቦታ አይሰጠውም። በብብቱ ጎድጓዳ ውስጥ አስተኚው፤ እዚያ ይመቸዋል። ... ትልቁን ቁጥር ከትንሹ ጋር አጎራብቺው። ትልቅን ከትልቅ ጎን ካስቀመጥሽ ሁለቱም ይኮራሉ፤ ማን ይጠጋ? መሃላቸው ባዶ ይቀራል።»

«ይኮራሉ ብዬ ልጻፍ?» ሚጣ ሳቀች።

«ጻፊው እንጂ! እውነት ነው። ... ፀጉር ያለው ጨርቅ ከሆነ አንገቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይዙር፤ አለበለዚያ ግማሹ ልብስ ሌላ ቀለም ይመስላል። ... አራተኛው ክንድ ላይ ስትደርሺ ሁለት ጣት ባዶ ተዪ፤ ከዚያ ቀጥዪ።»

ሚጣ ጻፈች። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ልኬም ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፤ በልክ ክፍሉ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ሰው ኖሮ ስለማያውቅ፣ የሚነገር ነገር መሆኑም አልታሰባትም።

በአምስተኛው እሁድ ሚጣ ደብተሩን ዘጋችና አንድ ፌስታል ብርቱካን ከጀርባዋ አወጣች።

«ይሄ የደራሲዋ ነው» አለች።

ልኬ አንዱን ላጠችና ግማሹን ለእህቷ ሰጠቻት። ሚጣ ተቀበለች እንጂ አልበላችውም። በማግስቱ ጠዋት ልኬ ጠረጴዛውን ስትወለውል፣ ብርቱካኑ ደርቆ ከሰሐኑ ሥር አገኘችው።

ሳጥኖቹ የመጡት ከሁለት ወር በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። ሁለት ሳጥን ብቻ። ልኬ በሃሳቧ ትስላቸው የነበሩት እመቤት ክፍል የሚሞሉ፣ የሚያጉረመርሙ ነገር ነበሩ። ከሳጥኑ የወጣው ግን ሚጣ ቢሮዋ ላይ ካላት ኮምፒውተር የማይለይ ዕቃ ነበር፤ ከጎኑ ረጅም ማተሚያ ብቻ ተጨምሮበታል። አንድ ወጣት ባለሙያ በአሮጌው የዕቃ ክፍል ውስጥ ተክሎት ሲያበቃ ጫማውን እንኳ አላቆሸሸም።

ሥራ አስኪያጁ ሦስቱን ሴቶች ጠራቸው።

«እኔ ማንንም መበደል አልፈልግም» አላቸው። «የሆስፒታል ጋዋን ትእዛዝ አለ፤ አምስት ቁጥር። እናንተም ደርድሩ፤ እሱም ይደርድር። ጨርቁ ራሱ ይፍረድ።»

ልኬ እህቷን በዓይኗ ፈለገቻት። ሚጣ በሩ አጠገብ ፋይል ታቅፋ ቆማለች። የገዛው ግዢ ክፍል ነው፤ ግዢ ክፍል ማለት ሚጣ ናት። ልኬ ግን ያን ሰዓት ስለዚያ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ምናልባት ትናንት ድንገት የተወሰነ ነገር ይሆናል፤ ምናልባት ለመንገር አልደረሰላትም ይሆናል። ለራሷ እንዲህ አለችና እጅጌዋን ጠቀለለች።

ያን ቀን ሠርተው የማያውቁትን ሥራ ሠሩ። ሳቂታ እንኳ ቃል አልወጣትም። እማማ መነጽር ምሳቸውን በልክ ክፍሉ ጥግ ላይ ቆመው ጎረሱ። አንድ ኪስ ስድስት ጊዜ አዞሩ። ልኬ አንዱን ጀርባ ከቦታው ባነሳችው ቁጥር ሌሎቹ ሁለቱ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። ሲጨርሱ ሜትሩ አሥራ አንድ ከሃያ አለ። ከዚህ በታች በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ አያውቅም።

ባለሙያው ቁልፍ ነካ፤ ሻዩን ጠጣ፤ ማተሚያው ወረቀቱን አወጣ። አሥራ አንድ ከስምንት።

አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር። አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም።

«እስቲ አንጥፉት፤ ሁላችንም እንየው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ወረቀቱን ከጠረጴዛው ጫፍ ጀምረው ዘረጉት። ልኬ ከዳር ጀምራ በዓይኗ ተከተለችው። ኮሌታው በብብቱ ውስጥ ተኝቷል። ትልቁ ቁጥር ከትንሹ ጋር ተጎራብቷል። አንገቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞሯል። የሰው ፊት ይመስል ነበር፤ የምታውቀው ሰው ፊት፤ ግን ማን እንደሆነ ወዲያው አልመጣላትም።

አራተኛው ክንድ ላይ ስትደርስ ክው አለች።

ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ባዶ መስመር ነበር። በጨርቁ ስፋት ሙሉ፣ ምንም ያልታተመበት፣ ሁለት ጣት የሚያህል። ልክ የጠረጴዛው ስንጥቅ ላይ ዐርፏል።

እማማ መነጽርም አይተውታል። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጎንበስ አሉ፤ ሌባ ጣታቸውንና የመሃል ጣታቸውን አጋጥመው ባዶው መስመር ላይ አስቀመጡ። ገጠመ። ቀና ብለው መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ።

የተናገረችው ሳቂታ ናት። አልሳቀችም።

«እትዬ ልኬ» አለች፣ ቀስ ብላ። «እመቤት የኛን ጠረጴዛ ከየት ያውቁታል?»

ሥራ አስኪያጁ አልሰማትም። እሱም መስመሩን አይቶ ኖሮ ወደ ባለሙያው ዞሯል።

«ይሄ ባዶ ምንድነው? እዚህ ላይ ጨርቅ ለምን ይባክናል?»

«ከተሰጠኝ ደንብ ነው» አለ ባለሙያው። «ቁጥር አሥራ ሰባት። ምክንያቱ አልተጻፈም፤ የባለሙያ ነገር ይሆናል ብዬ እንዳለ አስገባሁት።» ከኮምፒውተሩ አጠገብ ያመጣውን ደብተር ብድግ አድርጎ ገጹን ፈለገ። ሽፋኑ ሰማያዊ ነበር።

ልኬ ወደ በሩ ዞረች። ሚጣ ዓይኗን ሰበረች።

ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁ የተናገረው ለልኬ ከሩቅ እንደሚሰማ ነገር ሆነባት። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ለዚህ ሥራ አንድ ሰው ይበቃል። ያቺ አንዷ ልኬ ናት፤ ስለ ብቃቷ እህቷ ብዙ ተናግራለች፤ ማሽኑን እሷ ትቆጣጠራለች፤ መልሷን እስከ ዓርብ ትስጥ። ለሁለቱ የሚገባቸው ሁሉ ይከፈላቸዋል።

ሌሎቹ ወጥተው ሦስቱ ብቻቸውን ሲቀሩ የልክ ክፍሉን በር የዘጋችው ሳቂታ ናት።

«ምን ሰጡሽ?»

«በእናቴ አፅም! አላወቅሁም።»

«ስንጥቁን ከኛ ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ አለ? እኔ አልነገርኩም። እማማ፣ እርስዎ ነገሩ?»

«ተይ አንቺ ልጅ» አሉ እማማ መነጽር።

«አልተውም! ሰባት ዓመት ሙሉ ሚስማር የመታሁት እኔ ነኝ። እየሳቅሁ!» ወደ ግድግዳው ዞረች። «ለካ የራሴን ነው ስሰቅል የኖርኩት።»

ልኬ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አምስቱን እሁዶች፣ ሥልጠናውን፣ መጽሐፉን። ስትናገረው ለራሷ ጆሮ እንኳ የሞኝ ወሬ መሰላት። ብርቱካኑን ግን ዘለለችው።

እማማ መነጽር ካርቶኖቹን በየመንጠቆአቸው እየሰቀሉ ሰሟት።

«እኔ አምንሻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ያቺ ልጅ፣ ሚጣ፣ ኩፍኝ የያዛት ጊዜ ትዝ ይልሻል? አሥር ቀን ቀረሽ። የአንቺን ጨርቅ ሁሉ እኔ ነበርኩ የምደረድረው፤ አለቃ እንዳያውቅ በአንቺ አሰማመር። እና አንቺን አምንሻለሁ። ይቺ ደግሞ ያቺው ልጅ ናት።» ካርቶኑን ሰቀሉ። «ማመኔ ግን የጡረታዬን ሁለት ዓመት አይሞላልኝም።»

ልኬ ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሚጣ ቀድማት ገብታ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«እትዬ፣ ስሚኝ።»

«እየሰማሁ ነው።»

«ከመግዛታቸው በፊት ሻጩ ዘንድ ያለ ደብተሩ ሞክረውት ነበር። ከአንቺ ግማሽ ሜትር ይበልጥ አባክኗል። እና ምን አሉ መሰለሽ? ይሁን አሉ። ግማሽ ሜትር ያባክን አሉ። ለምን? ዋጋው ወርዷላ! ዕቃው ሙሉው፣ ማተሚያው ሳይቀር፣ የአንድ ሰው የስምንት ወር ደሞዝ ነው። እያባከነም ከሦስታችሁ ይረክሳል። ሦስታችሁም ልትወጡ ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የናንተ ደሞዝ እኮ አልጨመረም እትዬ። አንድ ቦታ ቆማችሁ ነው የተወደዳችሁት።»

ልኬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዘንድሮም ተወደዱ፣ ሲባል የኖረው ትዝ አላት።

«ያለፉትን ሁለት ዓመታት ያቆየኋችሁ እኔ ነኝ» አለች ሚጣ። «ገበያው ውስጥ ርካሽ ነበር። እኔ ከውዱ ሻጭ ብቻ ነበር ፕሮፎርማ የማመጣው። ተነቅቶብኝ ቢሆን እባረር ነበር። ዘንድሮ ግን ውዱም ረከሰ። ምን ላድርግ? ደብተሩን ሰጥቼ አንቺን አተረፍኩሽ። አንድ ሰው ካስቀራችሁ ሥራውን አሻሽላለሁ አልኳቸው።»

«እማማ መነጽርንስ? ሳቂታንስ?»

«ሦስት ሰው ማትረፍ አልቻልኩም።»

«እኔንስ መች ጠየቅሽኝ?»

ሚጣ የቦርሳዋን ማንገቻ ወደ አንገቷ ሳበች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች ልኬ።

«ምኑን?»

«እንደሚገዛ።»

«ደብተሩን ከጨረስን በኋላ ነው። ሙች እልሻለሁ እትዬ፤ እየጻፍኩ ሳለሁ የእውነት ለሥልጠና መስሎኝ ነበር።»

ልኬ እጇን ዘረጋች። «ስምንተኛውን አምጪው።»

«የቱን?»

«ፕሮፎርማውን። ሳትይዥው አትመጪም፤ አውቅሻለሁ። ደብተሩንም።»

ሚጣ ቦርሳዋን ከፈተች። ደብተሩን አወጣች፤ ወረቀቱን አወጣች፤ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ልኬ ማንበብ ላይ ፈጣን አይደለችም፤ ቁጥር ግን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ተሳስታ አታውቅም። ፕሮፎርማው ላይ ሐምራዊ ማኅተም አለ፤ ማኅተሙ መሃል ቀኑ አለ። የወሩ ሦስት። የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠች። በራስጌው ላይ፣ በዚያ እሷ ከፍላ ባስተማረችው ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ የዚያው ወር አሥራ አራት።

ጣቷን ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ወሰደች። አሥራ አንድ ቀን። እመቤት የት ቀሩ ብላ የጠየቀች ማታ፣ ሚጣ ሸሚዝ እየተኮሰች ገበያው ቀዝቅዟል ስትላት፣ ወረቀቱ ወንበሩ ላይ በተቀመጠው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ልኬ ሰሐን እያጠበች ያንጎራጎረችው ወረቀቱ ባለበት ቤት ውስጥ ነበር።

ሚጣም ጣቷን ተከትላ አይታዋለች። 

«ብነግርሽ አታስጽፊኝም ነበር» አለች።

«አላስጽፍሽም ነበር።»

«ታዲያ!»

«ታዲያ ተቀምጠን እናስብ ነበር፤ አራታችን። ሦስት ወር ነበረን። እማማ የጡረታቸውን ነገር ይጠይቁ ነበር። ሳቂታ ስፌት ክፍል ሰው ሲፈለግ ትገባ ነበር፤ ባለፈው ወር ሁለት ሰው ቀጥረዋል።» ልኬ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እኔ የፈለግሁት እንድታተርፊኝ አልነበረም። እንድትነግሪኝ ነበር።»

ሚጣ እንባዋ መጣ። ልኬ ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነስታ ታቅፋት ነበር። ልትነሳም እጇን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች፤ ግን አልተነሳችም። ቁጭ ብላ ስታለቅስ አየቻት። ትከሻዋ ሠላሳ ስምንት ነው፤ ከኮሌጅ ዘመን ጀምሮ አልተለወጠም።

«ዓርብ ምን ልትይ ነው?» አለች ሚጣ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«አልቀመጥም እላለሁ።»

«እብድ ነሽ? ሌሎቹ ፋብሪካዎችም እየገዙ ነው። ዋጋው የወረደው ለኛ ብቻ አይደለም። የት ትሄጃለሽ?»

«አላውቅም።»

እውነቷን ነበር። አላወቀችም። ፈርታም ነበር። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለቱ ሴቶች በሌሉበት ያን ወረቀት ብቻዋን ስትዘረጋ ራሷን ልታይ ሞከረችና አልሆነላትም። ፕሮፎርማውን አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ነገ ጠዋት በስምንተኛው ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች። ሳቂታና እማማ ቀኑን ራሳቸው ያንብቡት።

ሚጣ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበች። ትንሽ ቆይታ ገለጠችው። የቢሮ ሰው ናት።

«እትዬ ... ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሎኛል። ባትቀመጪም ይሄን ብቻ ንገሪኝ። ቁጥር አሥራ ሰባት። አራተኛው ክንድ ላይ ያ ባዶ ለምንድነው? ባለሙያው ላውጣው ወይስ ይቆይ እያለ ነው። ማውጣትም ፈርቷል፤ ምክንያት ይኖረዋል ብሎ።»

ብዕሯን አዘጋጅታ ጠበቀች፤ እንደ እሁዶቹ።

ልኬ ብዕሩን አየች። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ገጽ አየች። አዲስ ጠረጴዛ ይገዙ ይሆናል፤ ስንጥቅ የሌለው። ወረቀቱ ግን በያንዳንዱ ትእዛዝ፣ በያንዳንዱ ጨርቅ ላይ፣ ያን ሁለት ጣት እየተወ ይሄዳል።

«ምክንያቱን አልነገርኩሽም እንዴ?»

«አልነገርሽኝም።»

«እንግዲያው» አለች ልኬ፣ እየተነሳች፣ «እኔም ያልነገርኩሽ አንድ ነገር ይኑረኝ።»